ቁጥሩ ምን አጠፋ?

ትምህርት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ተማሪው፣ ዘበኛው፣ የሻይ ክበቡ አስተናጋጅ ሳይቀር «ቲቸር ብቸኛ» ነበር የሚላት። አንድ አዲስ መምህር እውነተኛ ስሟ መስሎት «ደህና አደርሽ ወይዘሪት ብቸኛ» ብሏት የመምህራን ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ያውቃል።

ስሙ የወጣላት ማስተማር በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ነው። ያኔ ልጅ ነበረች፤ ድምጿ ከኋላ ወንበር አይደርስም። ሰሌዳው ላይ «ብቸኛ ቁጥር» ብላ ጻፈችና «ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ማለት ነው» አለች። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ከኋላ አንድ ረጅም ጎረምሳ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እርስዎም አካፋይ የለዎትም አሉ። ብቸኛ ቁጥር ነዎት ማለት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ያላገባች መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ፊቷ ጋለ። ልጁን ልታስወጣው እጇ ወደ በሩ ከተነሳ በኋላ መልሳ ጠመኔውን ያዘችና በትልቁ ጻፈች፦

73939133

«አንብብ» አለችው።

ልጁ ተንተባተበ። እሷው አነበበችለት። «ሰባ ሦስት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት። ብቸኛ ነው። አሁን ከቀኝ በኩል የመጨረሻውን ላጥፋው።» በመዳፏ ጠረገችው። 7393913 ቀረ። «አሁንም ብቸኛ ነው።» እንደገና ጠረገች፤ 739391። «አሁንም።» እንዲህ እያለች እያንዳንዱን አሃዝ ከቀኝ አጠፋች፤ 73939፣ 7393፣ 739፣ 73፣ በመጨረሻም ሰሌዳው ላይ አንዲት 7 ቀረች። «እስከ መጨረሻው ብትቆርጡት ማንም አይካፈለውም። እንዲህ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። በቀኙ አንድ አሃዝ ልጨምር ብትሉም አይሆንም፤ ተጋማሽ አሃዝ ብትጨምሩ ሁለት ይካፈለዋል፤ አምስት ብትጨምሩ አምስት፤ አንድ ወይም ሰባት ብትጨምሩ ሦስት ይገባበታል። ሦስትና ዘጠኝም አያዋጡም፤ አካፋያቸው እስኪገኝ ብዙ ያለፋል እንጂ አላቸው። ብቸኛ ማለት እንዲህ ነው። ቁጭ በል።»

ልጁ ተቀመጠ። ስሙ ግን እሷ ላይ ተቀመጠ።

ቁጥሩን የተማረችው በዩኒቨርሲቲ ነው። መምህሯ በጨዋታ መሐል ጣል አድርጎት ሲያልፍ አላመነችም። በእረፍት ወራት ቤቷ ተቀምጣ እስከ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ አካባቢ ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እያካፈለች ፈተነችው። ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ አንዱ ከዚያ በታች መገኘት ነበረበት። አልተገኘም። አባቷ በበሩ ብቅ እያለ «ዛሬስ ተካፈለልሽ?» ይላታል። «አልተካፈለም አባዬ» ትለዋለች። «ጎበዝ ቁጥር» ብሎ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ አዲስ ክፍል በገባች ቁጥር፣ ያንን ቁጥር እየጻፈች ከቀኝ ታጠፋዋለች። ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የወንድሟ ልጆችም በየተራቸው በእሷ እጅ አልፈው ተምረውታል። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰባቷ ብቻዋን ሰሌዳው ላይ ስትቀር ደረቷ ይሞላ ነበር።

ቤቱ ረጅም ቤት ነው። መንገዱ ላይ ካለው በር ተነስቶ እስከ ጓሮ የሚዘልቅ አንድ ኮሪደር አለው፤ ክፍሎቹ በኮሪደሩ ዳር ተደርድረዋል። አባቷ ሲደክም እሷንና ወንድሟን፣ እማኝ እንዲሆንም የራሱን ታናሽ ወንድም ጠርቶ «ከመንገዱ በር ጀምሮ አራቱ ክፍል የእሷ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱ» አለ። የወንድሟ በኩል የራሱ የጓሮ በር፣ የራሱ ውሃ አለው። የእሷ አራቱ የመኝታ ክፍሏ፣ ሳሎኑ፣ ወጥ ቤቱና በወንድሟ ወሰን ዳር ያለችው ዕቃ ቤት ናቸው።

ታናሽ ወንድሟ ነጋዴ ነው፤ ስኳርና ዱቄት በጆንያ ያከፋፍላል። ወትሮ «አንቺ» ይላታል። «እትዬ» ካላት ግን ነገር አለ። አባታቸው ከሞተ ብዙም ሳይቆይ «እትዬ» አላት። «መጋዘኑ ሞልቶብኛል። ዕቃ ቤትሽ ባዶ ነው። አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ ምን ታስቀምጪበታለሽ?»

«እሺ» አለች።

ቆይቶ ደግሞ «እትዬ» አላት። ልጆቹ በዝተዋል፣ ሚስቱ ምድጃ ጠቧታል። «አንቺ ለአንድ አፍ ብለሽ ምን ትደክሚያለሽ? ከእኛ ጋር ትበያለሽ።»

«እሺ» አለች። ከዚያ ወዲያ በገዛ ወጥ ቤቷ ውሃ ለማፍላት «ይቅርታ፣ ልለፍ» ማለት ጀመረች።

ቆይቶ ሳሎኑም ሄደ። ለልጆቹ ማጥኛ ነው የተባለው፤ ቴሌቪዥኑ ግን እዚያ ገባ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሳቁ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ፣ እሷ በአንዲት ክፍሏ የፈተና ወረቀት ታርማለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ወንድሟም በክፋት ተነስቶባት አያውቅም፤ ሁሌም እየሳቀ ነው የሚመጣው። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ትተወዋለች። ቢቆርጡኝም እኔ እኔው ነኝ ትላለች ለራሷ፤ ይህን ስትል ሰሌዳው ላይ የምትቀረው ሰባት ትታያታለች፤ ይህም ያጽናናታል።

ማጽናኛው የፈረሰው አንድ አርብ ጠዋት፣ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ነው።

እንደ ልማዷ ቁጥሩን ጽፋ ከቀኝ እያጠፋች ነበር። ከፊት ወንበር ያለች መነጽር ያደረገች፣ ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅ እጇን አወጣች። ጓደኞቿ ከወዲሁ «ደሞ ጀመረች» እያሉ ተንጫጩ።

«ቲቸር፣ ከግራስ ቢቆረጥ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰባቷን ላንሳት።» 3939133 ብላ ጻፈች። «አሥራ አንድ ገባበት። አሥራ አንድ ጊዜ ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት ሺህ አንድ መቶ ሦስት። አለቀለት። ራሱን ሲነኩት አይችልም።»

«እሺ ከቀኝ ግን ለምንድን ነው የሚቆረጠው?»

«እንዴት ለምን?»

«ማለቴ… ቁጥሩ ምን አጠፋ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ መልስ ትጠብቃለች።

«ምንም አላጠፋም» አለች መምህርቷ ቀስ ብላ። «እንዲያውም ቁጥሩ ራሱ አይቆረጥም። የሚቆረጠው አጻጻፉ ነው። እኛ ጣታችን አሥር ስለሆነ በአሥር እንቆጥራለን፤ ስለዚህ እንዲህ ይጻፋል። ጣታችን ስምንት ቢሆንና በስምንት ብንቆጥር ኖሮ በሌላ አሃዝ እንጽፈው ነበር፤ ያኔ ገና የመጀመሪያውን አሃዝ ከቀኝ ስንቆርጥ ሦስት ይገባበት ነበር። ብቸኛነቱ ግን በምንም ብትጽፊው አይለወጥም። እሱ የራሱ ነው።»

ልጅቱ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «ታዲያ ብቸኛነቱ የራሱ ከሆነ፣ መቆረጡ ደግሞ የኛ ሥራ ነዋ። እኛ ቆርጠነው እኛው ጎበዝ እንለዋለን።»

ደወሉ ተደወለ። ተማሪው እየተጋፋ ወጣ። መምህርቷ ግን ጠመኔውን እንደያዘች ሰሌዳው ፊት ቆመች። ይህን ያህል ዓመት ቁጥሩን ስታሞግስ፣ እየቆረጠ ያለው የገዛ መዳፏ መሆኑን ልብ ብላ አታውቅም። መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ ሌላ ነገር ከሆዷ ተነሳ። ከትምህርት ቤት እስክትወጣ ድረስ እፍረት መስሏት ነበር፤ መንገድ ላይ ስትደርስ ንዴት መሆኑን አወቀችው። ዕቃ ቤቷን አሰበች። ከዚያ «ይቅርታ፣ ልለፍ» የምትልበትን ወጥ ቤቷን። እርምጃዋ እየፈጠነ ሄደ።

ቤት ስትደርስ ጠረጴዛዋ ኮሪደር ላይ ወጥቷል።

የክፍሏ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋዋ ተገፍቶ ጥግ ይዟል። አንድ ግንበኛ ተንበርክኮ ግድግዳውን በሜትር ይለካል፤ መሀሉ ላይ በእርሳስ ትልቅ ምልክት አድርጎበታል። ወንድሟ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆሟል። ሽማግሌው አጎታቸው ከእሷው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። የወንድሟ ሚስት የሻዩን ሰሃን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«እትዬ!» አለ ወንድሟ ደስ ብሎት። «ሳትመጪ ልንጨርስልሽ ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«ልጁ ሊያገባ ነው አላልኩሽም? ሙሽራ ይዞ የት ይግባ? ይህን ግድግዳ አፍርሰን ከሳሎኑ ጋር ብንቀላቅለው የሚያምር ቤት ይወጣዋል። መስኮቱም መንገድ ያያል።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ከሴቶቹ ልጆች ጋር። አልጋ አስገብተናል። አንድ ሰው ብንጨምር ምን እንሆናለን?»

«አስበንልሽ ነው» አለች ሚስቱ ወደ ወለሉ እያየች። «ብቻሽን እንዳትሆኚ።»

መምህርቷ ቦርሳዋን አላወረደችም። «ማንን ጠይቃችሁ ነው ጠረጴዛዬን ያወጣችሁት?»

«ኧረ በናትሽ፣ ጠረጴዛ ነው ወይስ ታቦት?» ሳቀ ወንድሟ። «አየሽ እትዬ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አራት ክፍልም ለአንድ ሰው ሸክም ነው። ቀስ በቀስ አቀለልንልሽ።»

ግንበኛው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«አቀለላችሁልኝ» አለች።

«ደግሞ ምን ትሆኛለሽ አንቺ? ልጆቹ ነግረውኛል። ያ ቁጥርሽ ከቀኝ ቢቆርጡት፣ ቢቆርጡት አይሞትም አይደል የሚባለው? እኛ ቤት እኮ ተረት ሆኗል። ሳሎኑን ስንወስድ ትልቁ ልጄ ምን አለ? ‹አይዞህ አባዬ፣ አክስቴ ከቀኝ ቢቆርጧት አትሞትም› አለኝ። ስቄ ልሞት!»

የወንድሟ ሚስት «ተው እንጂ» አለች በሹክሹክታ። ዘግይታለች።

ደሟ ፈላ።  ሲስቁባት መኖራቸው አልነበረም የቆጠቆጣት፤ መሳቃቸውን ለምዳዋለች። ራሷን ልትከላከልበት በአንድ የጭንቅ ቀን የጻፈችውን ቁጥር፣ በራሷ ሰሌዳ፣ በራሷ አፍ ለልጆቹ አስተማረችው፤ እነሱ ደግሞ ወደ ቤት ይዘውት ሄደው መጋዝ አደረጉት። እንደ ፈቃድ ነው የቆጠሩት።

«ጋሼ» አለች ወደ አጎቷ ዞራ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አጎቷ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠብ ግን ይፈራሉ። «ምን እላለሁ ልጄ? ወንድምሽ ነው። ልጁም ልጅሽ ነው። እስከ ዛሬ እንዳልሽው እሺ በይና በፍቅር እደሩ። እሺ ይበልጣል ከሺህ።»

«አይበልጥም!»

ድምጿ ኮሪደሩን አልፎ ጓሮ ደረሰ። ግንበኛው ሜትሩን ለቀቀው፤ ሜትሩ ጥርር ብሎ ተጠቀለለ።

«እሺ ከሺህ አይበልጥም ጋሼ! ሦስት ጊዜ እሺ ብዬ አይቼዋለሁ። እሺ ዜሮ ነው። የተባዛበትን ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል። ዕቃ ቤቱን እሺ ብዬ ዜሮ። ወጥ ቤቱን እሺ ብዬ ዜሮ። በገዛ ቤቴ ውሃ ለማፍላት ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው የምኖረው! ‹ከእኛ ጋር ትበያለሽ› አለኝ፤ ‹በላሽ ወይ?› ብሎ የጠየቀኝ ቀን የለም።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለ ወንድሟ።

«ይስማ! አንተ ደግሞ ቁጥሬን ስትጠቅስ በትክክል ጥቀስ። ስትቆርጥ፣ ስትቆርጥ ሰባቷ ላይ ደርሰሃል። ከሰባቷ በኋላ የሚቆረጥ አሃዝ የለም። እሷን ስትጠርግ የሚቀረው ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ ባዶ ሰሌዳ ነው። ‹እንጨምርሽ› ትለኛለህ ደግሞ። እኔ በማንም ጫፍ ላይ አልጨመርም። ከሰው የማትስማማ ሆኜ እንዳይመስልህ፤ በልጆችህ አልጋ ጫፍ የምትቀጠል ትርፍ ስላልሆንኩ ነው።»

«አሁን ይሄ ምን የሚያናድድ ነገር አለው?» የወንድሟ ፈገግታ ጠፋ። «ላላገባች ሴት—»

«ጨርሳት። ላላገባች ሴት ምን?»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ግንበኛው አዞረ።

«ላላገባች ሴት ግድግዳ አያስፈልጋትም ልትል ነው? ብቸኛ ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም የማይካፈለው ማለት ነው። ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም! ሰው ባየው ቁጥር የሚመነትፈው ማለት አይደለም!» ወደ አጎቷ ተመለሰች። እንባዋ ወርዷል፤ አልጠረገችውም። «ጋሼ፣ አባዬ ሲናገር እርስዎ ነበሩ። ስንት ክፍል አለ?»

አጎቷ ወደ ወንድሟ አዩ። ወንድሟ ወደ ጣሪያው አየ።

«ጋሼ። ስንት አለ?»

«አራት» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ደክሞ። «ከመንገዱ በር ጀምሮ አራት ነው ያለው።»

ግንበኛው ቀና አለ። አቧራውን ከጉልበቱ አራገፈ። «እንግዲህ እኔ ማፍረስም መገንባትም ሙያዬ ነው» አለ። «ለሙሽሮቹ ቤት ማስተካከያ የመጣው ጡብ ደጅ ተራግፏል፣ ሲሚንቶው ተከፍቷል። ቤተ ዘመድ ይወስንና ልሥራ። ሲመሽ ሌላ ሥራ አለኝ።»

«ኮሪደሩን ዝጋልኝ» አለችው።

«የት ላይ?»

«ከዕቃ ቤቱ በር ወዲያ። አራተኛው ሲያልቅ።»

«በእኔ ጡብ?» ጮኸ ወንድሟ።

«አዎ፣ በአንተ ጡብ! ይህን ያህል ዘመን በእኔ ክፍል ስትኖር ጡብ ትቆጥራለህ?»

«ጋሼ፣ ይሰማሉ? ወንድሟን በግድግዳ ልትዘጋበት ነው! የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ!»

 ሽማግሌው ጠብን ሲሸሹ ኖረው አሁን ጠቡ መሀል ተቀምጠዋል፤ መውጫው በየትም በኩል ቢሆን ሰው ያስቀይማል። በመጨረሻ ከወንበሯ ተነሱና ወንበሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «ወንድሜ አራት ብሎ ነው የሞተው» አሉ። «እኔ ሦስት ነው ብዬ ከሱ ጋር መገናኘት አልፈልግም። ገንባ።»

ወንድሟ ሚስቱን አየ፤ እሷ አላየችውም። «እሺ» አለ፤ አባባሉ ግን ስድብ ነበር። «እሺ! ብቻሽን ቅሪ። የልጄ ሠርግ ላይ እንዳትመጪ። ስትታመሚ ግድግዳውን አንኳኪ፣ እሱ ይመልስልሽ።» ሚስቱን አልፎ በኮሪደሩ ወደ ጓሮ ወጣ። እርምጃው ሲርቅ ቤቱ ሁሉ ይሰማል።

ቃሉ ወጋት። ሠርጉ ላይ አለመገኘቷ እንደሚያማት ያውቃል፤ ልጁን ማባዣ ሰንጠረዥ ያስጠናችው እሷ ናት። ግን ንዴቷ ከውጋቱ በለጠ። ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዳ በሩን ከፈተች። የስኳርና የዱቄት ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ለዓመታት የተጠራቀመ አቧራ ፊቷን መታው። ቦርሳዋን ወለል ላይ ጣለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ የመጀመሪያውን ጆንያ በጆሮው ይዛ ጎተተች። አልተነቃነቀም። እንደገና ጎተተች። ጥፍሯ ተሰበረ።

ግንበኛው ከኋላዋ ሲሚንቶና አሸዋ ያቦካል። «ከግድግዳው ወዲያ ይውጣልኝ» አለ ቀና ሳይል። «ከተዘጋ በኋላ አላነሳውም።»

«ይወጣል።»

ለሦስተኛ ጊዜ ስትጎትት ጆንያው ቀለላት። ዞር ስትል የወንድሟ ሚስት ሌላውን ጫፍ ይዛለች። አንገቷን ደፍታለች፤ ሻሿ ላይ ዱቄት ቦንኖባታል።

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለቻት መምህርቷ፣ ንዴቱ ገና ከድምጿ ሳይወጣ። «ሂጂ፣ ባልሽ ይጠብቅሻል።»

«ይጠብቅ» አለች ሚስቱ። «ከታች ያዢው፤ ይኸኛው ቀዳዳ አለው።»

ከታች ያዘችው። ሁለቱም ሳይተያዩ ጆንያውን ግንበኛው ካኖረው ከመጀመሪያው የጡብ ረድፍ በላይ አሻግረው አወጡትና ለሚቀጥለው ተመለሱ።